ቆይ ብዬ የጻፍኩት መስመር

ሰኞ፣ ጥቅምት 3 ቀን 1990 ዓ.ም.

ዛሬ ኪቦርድ ሰበርኩ። ሁለተኛዬ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ "ሻይ ፈሰሰበት" ብዬ አልፌዋለሁ፤ ለዚህኛው ምን እንደምል ገና አልመጣልኝም። ጠረጴዛው ላይ አንዴ ብቻ ነው የመታሁት። ፊደሎቹ እንደ በቆሎ ፍሬ ወለሉ ላይ ተበተኑ። የሬዲዮ ኦፕሬተራችን ካሱ ተንበርክኮ ለቀመልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ፕሮጀክታችን ያለው አንድ የዩኒክስ ኮምፒውተር ነው፤ ሜሞሪው ስምንት ሜጋ። ደጋ ላይ ያሉት ሁለት ጣቢያዎች የወንዙን ከፍታ በሬዲዮ ለካሱ ይነግሩታል። ካሱ ለእያንዳንዱ ጣቢያ በተመደበው ማሽን፣ በማሽን አንድ ወይም በማሽን ሁለት፣ ቁጥሩን ይጽፋል፤ ማሽኑ በገመድ ወደ ዩኒክሱ ይልከዋል። እዚያ የእኔ ፕሮግራም ቁጥሩን ያይና ከልክ ካለፈ ታች ሙዝ እርሻው ዳር የተተከለውን ሳይረን ያስጮኸዋል። ስድስት ወር ያለ እንከን ሠርቷል። አሁን አለቃችን ኢንጂነር እንድሪያስ ከአዲስ አበባ የካርታ ፕሮግራም ይዘው መጡና እሱ ሲከፈት ሌላው ሁሉ ትንፋሽ ያጥረዋል።

"ያንተ ፕሮግራም ሥራ ሳይኖረው ቀኑን ሙሉ ሜሞሪ ታቅፎ ይውላል። ሲጠራ ብቻ ይነሳ። ለጋሾቹ የፊታችን ዓርብ አይደለም በሚቀጥለው ይመጣሉ፤ ካርታው ሲንቀራፈፍ እንዳያዩ" አሉኝ።

ኪቦርዱ የተሰበረው በሩን ዘግተው ከወጡ በኋላ ነው። ፊታቸው አልሰበርኩም። ያን ያህል አላበድኩም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ማኑዋሉን ጨረስኩት። ዩኒክስ ውስጥ ኢኔትዲ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ እኔ ዘበኛው ብዬዋለሁ። የእሱ ሥራ በር ላይ መቀመጥ ነው። የእኔ ፕሮግራም ጓዳ ይተኛል። እንግዳ ሲያንኳኳ ዘበኛው ይቀሰቅሰዋል፤ እንግዳውን አስተናግዶ ተመልሶ ይተኛል። ለዘበኛው የሚሰጠው ትእዛዝ አንዲት መስመር ናት። በመስመሯ አራተኛ ቦታ ላይ ከሁለት ቃላት አንዱ ይገባል፤ በእኛ አፍ "ቆይ" እና "አትቆይ" ማለት ናቸው። "አትቆይ" ከተባለ ዘበኛው ለመጣው እንግዳ ሁሉ የየራሱን አስተናጋጅ ይቀሰቅሳል። "ቆይ" ከተባለ ግን የተቀሰቀሰው አስተናጋጅ ሥራውን ጨርሶ እስኪተኛ ድረስ ሌላ እንግዳ አይገባም፤ ደጅ ይሰለፋል።

የእኔ ፕሮግራም "አትቆይ"ን እንዲችል ግማሹን እንደገና መጻፍ አለብኝ። ሦስት ቀን ይፈጃል። ለ"ቆይ" አሥር መስመር መቀየር ይበቃል። እናያለን።

ዝናቡ ዛሬም አላባራም። ታች ሙዝ እርሻ ጎርፉን "ወደ እኔ ማሳ መለስከው፣ አልመለስኩም" ተባብለው በአካፋ ተፈላለጡ አሉ። ዓባይ የሚባል ገበሬ የጎረቤቱን ጭንቅላት ከፍቶታል። እህቱ ወለቴ ቢሮአችን በር ላይ ሙዝ የምትሸጠው ናት። ዛሬም መጥታ እንደ ልማዷ "ሳይረኗ ደህና ናት?" አለችኝ፤ ስለ ዘመድ የምትጠይቅ ነው የሚመስለው። "ካንቺ ወንድም ትሻላለች፤ ሳይነኳት አትጮህም" አልኳት። ሳቀችና አንድ ሙዝ መረቀችልኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

"ቆይ" ብዬ ጻፍኩ። ሠራ። ካርታው ይሮጣል፣ ፕሮግራሙ ይተኛል፣ ሲጠራ ይነሳል።

ካሱ ከኋላዬ ቆሞ ሲያይ ነበር። "አለም፣ ሁለቱ ጣቢያ አንድ ላይ ከጠራስ?" አለ።

"አንዱ እስኪጨርስ ሌላው ሁለት ሰከንድ ይጠብቃል።"

"የመጀመሪያው ባይጨርስስ? መብራት ቢሄድበትስ? ደጋ ላይ ዝናብ ሲመጣ ለየብቻ አይመጣም እኮ። አንድ ላይ ነው የሚጮኸው።"

ይኼን ሲጠይቀኝ ሦስተኛ ጊዜው ነበር። እኔም አራት ሌሊት አልተኛሁም። "አንተ ሸማኔ፣ ከመቼ ወዲህ ነው ኮምፒውተር የምታስተምረኝ?" አልኩት፤ ደጋው ላይ ያለው የኦቾሎ መንደር ልጅ ነው፣ አባቱ ሸማኔ ናቸው። እሱም "ሸማኔ ክር ሲበጠስ ያውቃል" አለና ጣቱን ስክሪኑ ላይ፣ እዚያው መስመር ላይ አኖረ። ገፋ አደረግኩት። ትከሻው ላይ። ያን ያህል አይደለም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

የካሱ ከንፈር አብጧል። ታላቅ እህቱ ብርቅዬ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ላይ አሳ ቤት አላት፤ ምሳ እዚያ ነው የምንበላው። "ወንድሜ ምን ሆነ?" ብላ እኔን ጠየቀችኝ፤ እሱን አይደለም።

እሱ ቀደመኝ። "በር መታኝ" አላት።

"ምን ዓይነት በር ነው ሰው ይመታል?" አለችና የአሳውን እሾህ ከፊቴ አነሳች። ቀና ብላ አላየችኝም።

ስገፋው ጠረጴዛው ነካው ይሆናል። አባቴ ቀበቶውን ሲፈታ የሚሰማው የብረቱ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ደሴ ልጅ ሳለሁ "እኔ እንዲህ አልሆንም" ብዬ ማልኩ። አልሆንኩምም። ቀበቶ ነክቼ አላውቅም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ለጋሾቹ መጡ፤ ካርታውን አይተው አጨበጨቡ። ኢንጂነር እንድሪያስ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። "ሲጠራ ብቻ የሚነሳ!" እያሉ ለሁሉም አወሩ። ሙከራ ሲደረግ ካሱ ከማሽን አንድ ቁጥር ላከ፤ ሳይረኑ ጮኸ። ከማሽን ሁለት ላከ፤ ጮኸ። አንዱ ፈረንጅ ሁለቱንም በአንዴ ላክ ይል ይሆን ብዬ ዓይን ዓይኑን አየሁት። አላለም።

ካሱም ዝም አለ። ቢናገር ኖሮ ምን እንደማደርገው እንጃ።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ጎርፍ። ሳይረኑ አልጮኸም። ወለቴ ሞታለች። ካሱን ደበደቡት። ነገ እጽፋለሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ሁሉንም በተራ ልጻፈው።

ትናንት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ብርቅዬ ቤት አሳ እየበላሁ ነበር። እኛ ያለንበት ሲቀላ ሰፈር ፀሐይ ነው፤ ደጋው ግን ከሰል መስሏል። ከምሥራቁ ሜዳ ሰው እየተንጋጋ ሲመጣ አየን። ወንዙ ሞልቶ ሙዝ እርሻውን ከነጎጆው ወስዶታል። ሌሎቹ ዛፍ ላይ ተረፉ። ወለቴ የሙዝ ቅርጫቷን ልታወጣ ተመልሳ ገብታ አልወጣችም። አሸዋ ውስጥ ነው ያገኟት፤ ፀጉሯ ከሙዝ ቅጠል ጋር ተጠላልፎ።

የእርሻው ሰዎች ድንጋይና ዱላ ይዘው ወደ ሬዲዮ ክፍሉ ወጡ። ባዶ ነው። "ተኝቶ ነበር፣ አሁን ሸሸ" ተባለ። ማሽኖቹን በድንጋይ ፈጯቸው። ከዚያ ካሱን መንገድ ላይ ሲሮጥ አገኙት። ወደ እነሱ ነበር የሚሮጠው። ሳይረኑ አለመጮኹን ሲያውቅ አምስት ኪሎ ሜትሩን በእግሩ ሊነግራቸው ወጥቶ ነበር፤ በአቋራጭ ሄዶ ተላልፈዋል፤ ጎርፉን ሳያይ እነሱን ፍለጋ ተመልሶ ነው። "ውኃ መጣ!" እያለ ሲጮህባቸው የሚቀልድ መሰላቸው። ስደርስ መሬት ላይ ነው። ዓባይ በጉልበቱ ደረቱ ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በቡጢ ይለዋል፤ አንድ፣ ሁለት፣ እህል እንደሚወቃ ሰው፣ ሳይቸኩል። የጎድን አጥንት ሲሰበር ድምፅ አለው። አላውቅም ነበር።

እኔ ምን አደረግኩ? "ተዉት!" አልኩ። ቆሜ።

ዛሬ ጠዋት ቢሮ ገባሁ። ዩኒክሱ ሌላ ክፍል ስለሆነ አልነኩትም። ከፈትኩት። የእኔ ፕሮግራም ነቅቷል። ከትናንት ሰባት ሰዓት ከአርባ ጀምሮ ነቅቶ ተቀምጧል። የመጀመሪያው ጣቢያ ቁጥር ግማሹ ገብቶ መብራት ብልጭ ሲል ማሽን አንድ ደረቀ፣ ፕሮግራሙ የቀረውን ግማሽ ሲጠብቅ አደረ። ዘበኛው በሩን ዘግቷል። የማሽን ሁለት ቁጥር ደጅ ተሰልፏል። ካሱ ስክሪን ላይ ግን "ተገናኝቷል" ነው የሚለው፤ ደጅ መሰለፍም መገናኘት ነውና። ደርሷል ብሎ አመነ። ሳይረኑን ለመስማት መስኮት ከፍቶ ጠበቀ፣ አልሰማም፣ ሮጠ።

ያን የሚጠብቅ ፕሮግራም ሳይ ደሜ ፈላ። ገደልኩት። ያለ ማሰብ፣ በአንድ ትእዛዝ። ዘበኛውም ሥራው ነውና በሩን ከፈተ፤ ከትናንት ጀምሮ ደጅ የቆመውን ቁጥር አስገባ። አራት ሜትር ከሃያ። ሳይረኑ ጮኸ።

ወለቴን የሚቀብሩበት ሰዓት ነበር።

ከቢሮው ይሰማል። ሁለት ደቂቃ ሙሉ ጮኸ፤ የማቆሚያውን ትእዛዝ ስጽፍ ጣቴ ፊደል እየሳተ። ለቀስተኛው ሌላ ጎርፍ መጣ ብሎ አስከሬኑን ጥሎ ሮጧል። ሬሳው ከቃሬዛው ወድቋል። አንዲት አሮጊት ተረግጣ እግሯ ተሰብሯል። ከሰዓት የእርሻው ሰዎች መጥተው የቢሮአችንን ጠባቂ ጎጆ አቃጠሉ። ዓባይ አመዱ ላይ ቆሞ "ካሱ ነው! በእህቴ ሬሳ ሳቀ! የሳቀበትን እጁን እወስዳለሁ!" እያለ ማለ። ሁሉም ሰማ። እኔም በመስኮት ሰማሁ።

ካሱ እህቱ ቤት በጀርባው ተኝቷል። እንኳን ሳይረን ሊያስጮህ ውኃ መዋጥ አይችልም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ኢንጂነር እንድሪያስ ሪፖርት ጻፉ። "የኦፕሬተሩ ቸልተኝነት።" ምስክር ያስፈልጋል አሉኝ።

"ማሽኑን ደህና አድርገህ አልፈተሽከውም ብባል ፕሮጀክቱ ይዘጋል። አንተም እኔም ሜዳ ላይ ነን። ካሱ እንደሆን አገሩ ነው፣ ሽመናም ያውቃል" አሉ።

"ሁለቱ ማሽኖች..." ብዬ ጀመርኩ።

"ሁለቱም በድንጋይ ተፈጭተዋል። ማን ያውቃል?"

ፈረምኩ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ለጊዜው ነው፤ ነገሩ ሲበርድ እናገራለሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ብርቅዬ ቤት ሄድኩ። በሩ ላይ ቆማ አላስገባ አለችኝ።

"የምትለው አለህ?" አለች።

"እንዴት አደረ ልል ነው።"

"አደረ። ሌላስ?"

ሌላ የለም አልኩ። በስተኋላዋ ካሱ ዓይኑን ገልጦ ሲያየኝ አየሁ፤ አንዱን ዓይኑን፤ ሌላው አይከፈትም። ያውቃል። ማንም ሳይነግረው ያውቃል፤ እሱ ነው የነገረኝ። አልተናገረም። ለምን አይናገርም? ቢናገር እኮ እኔን ነው የሚገላግለኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ነገ ከሥራ በኋላ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ እናገራለሁ። ቆርጫለሁ። ዛሬ እንዳልሄድ ዝናብ ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

ጠዋት ሁለት ሰዓት። ዓባይ ብርቅዬ ቤት ገባ። የሙዝ ገጀራ። የካሱን ቀኝ እጅ፣ ከአንጓው ላይ።

የብርቅዬ ጩኸት ቢሮ ድረስ ተሰማ።

ደርሼ ነበር። ደሙ ከደጃፉ ወጥቶ ከዝናቡ ውኃ ጋር ወደ ቦዩ ይወርዳል። ዓባይ አልሸሸም። ገጀራውን ጭኑ ላይ አድርጎ ደፉ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ፖሊስ እስኪመጣ። የተቆረጠችው እጅ የሰው አትመስልም። መሬት ላይ ያለችው። ጣቶቿ እንደሚጽፍ ሰው አጠፍ ብለዋል። በነጠላ ጠቅልዬ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሙ አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

ከሥራ በኋላ ነበር የምሄደው። ከሥራ በኋላ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

የካሱ ዘመዶች ከኦቾሎ ወረዱ። ወደ ሁለት መቶ ይሆናሉ፤ ጦርም ዱላም የያዘ አለ። የእርሻው ሰዎች ገጀራና አካፋ ይዘው ድልድዩ ወዲያ ማዶ ቆሙ። እዚህ ማዶ "እጅ በእጅ!" ይላሉ፣ እዚያ ማዶ "ነፍስ በነፍስ!" ይላሉ። ድንጋይ መወርወር ተጀመረ። አጠገቤ አንዱ ጥርሱን ከደም ጋር ተፋ። ሌላው ግንባሩ ተተርትሮ ዓይኑን ይጠርጋል፣ አሁንም ይወረውራል። ፖሊሶቹ አምስት ናቸው።

ያኔ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሰባት ናቸው። በእጃቸው ዱላ የለም፤ ከወንዙ ዳር የነጩት እርጥብ ሳር ብቻ። ድልድዩ መሐል ገብተው ድንጋዩ እየወረደ ተንበረከኩ፤ ሳሩን ከፍ አድርገው ያዙ። አንዱ ሽማግሌ ትከሻቸውን ተመተው ተንገዳገዱ፣ ሳሩን ግን አላወረዱም። እኔ ይቺ አገር ሁለት ዓመት ኖሬ ስለ ሳሩ ሲወራ እሰማና እስቅ ነበር። "ሳር ጦር ያቆማል?" እል ነበር። አቆመ። ከፊት የነበረው ጦረኛ ከሳሩ አንድ እርምጃ ሲቀረው እግሩ እንቢ አለው። ያንን የተዘረጋ ሳር የሚሻገር የለም። ጦሩን መሬት ላይ አጋደመና ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ። ከኋላ ያሉትም ዱላቸውን አወረዱ።

የሽማግሌዎቹ አውራ ጋሽ ይፍሩ ናቸው፤ ትከሻቸውን የተመቱት እሳቸው ናቸው። በጋሞኛ ተናግረው በአማርኛም ደገሙት። "ዝናቡ ልክ ያጣው፣ ሳይረኗ ለሬሳ የጮኸችው፣ እጅ የተቆረጠው እንዲያው አይደለም። ጎሜ አለ። የተሠራ፣ ያልተነገረ። ማክሰኞ ዱቡሻ እንቀመጣለን። ያለበት ይምጣና ይናገር። ያልተናገረ እንደሆን ይቺ ደም ገና አልጠገበችም።"

ዱቡሻ የሸንጎ ሜዳቸው ነው። ጎሜ ማለት ደግሞ ጥፋት ነው፤ ግን ደብቀኸው የምትኖረው ጥፋት፤ እስክትናገረው ድረስ በከብቱ፣ በልጁ፣ በዝናቡ እየዞረ ይመታል ይላሉ። እኔ የተማርኩ ሰው ነኝ፣ ይኼን አላምንም። ሲናገሩ ግን ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል እኔን የሚያዩ መሰለኝ።

እሑድ፣ ጥቅምት 23

ኢንጂነር እንድሪያስ ቤት ሄድኩ። እናገራለሁ አልኳቸው።

"ምን ብለህ? ‘አራተኛው ቦታ ላይ’ ብለህ ለገበሬ ታስረዳለህ? እዚያው ይቀጠቅጡሃል!" አሉ። "ፈርመሃል እኮ።"

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አልኩ በልቤ። ማንኛችን ሞኙ፣ ማንኛችን ወረቀቱ እንደሆንን እንጃ። ግድግዳቸውን በቡጢ መታሁ፤ ጣቴ ተሰነጠቀ። ሚስታቸው ልጆቹን ይዛ ወደ ጓዳ ሮጠች። ልጆቹ ያዩኝን አስተያየት አውቀዋለሁ። እኔም እንዲያ ሆኜ ነበር የማየው፤ የብረቱን ድምፅ ስሰማ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

ተናገርኩ።

ሜዳው ላይ ሁለቱም ወገን በየፊናው ተቀምጧል፤ መሐሉ ላይ ሳር ተነስንሷል። ዓባይን በሽማግሌዎቹ ልመና ሁለት ፖሊሶች ይዘውት መጡ። ካሱን በቃሬዛ አመጡት፤ የእጁ ጉማጅ በነጭ ተጠቅልሏል። ብርቅዬ ራስጌው ተቀምጣለች። ኢንጂነር እንድሪያስ አልመጡም።

ጋሽ ይፍሩ "ያለበት" አሉ። ደግመው "ያለበት" አሉ። ተነስቼ ቆምኩ።

ስለ ዘበኛውና ስለ በሩ ነገርኳቸው። ኮምፒውተር ያልኩት አንዴ ብቻ ነው። "በር ላይ ዘበኛ አስቀመጥኩ። አንድ እንግዳ ከገባ እሱ እስኪወጣ ሌላውን አታስገባ አልኩት። የመጀመሪያው እንግዳ ገብቶ ቀረ። ‘ውኃ መጣ’ የሚለው ሁለተኛው እንግዳ ደጅ ቆሞ ቀረ። ካሱ አልተኛም። መልእክቱን ልኳል። ደጅ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ለዘበኛው ሌላ ትእዛዝ ልሰጠው እችል ነበር፤ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ ሰነፍኩ፣ ቸኮልኩም። በማግሥቱ ለቀብር የጮኸችውንም ያስጮኽኳት እኔ ነኝ፤ ካሱ አይደለም።"

ጋሽ ይፍሩ፦ "ይኼ እንደሚመጣ ሰው ነግሮህ ነበር?"

"ነግሮኝ ነበር።"

"ማን?"

"ካሱ። ሦስት ጊዜ።"

"አንተስ ምን አልከው?"

ገፋሁት ልል ነበር። በዚህ ደብተር ገፋ አደረግኩት ብዬ ጽፌያለሁ። ካሱ በአንዱ ዓይኑ ያየኛል። "መታሁት" አልኩ። "በቡጢ። አፉ ላይ። ሁለቴ። መሬት ወድቆ ሳለ በእግሬም መታሁት። ከዚያ በፊትም ሸማኔ አልኩት።"

ብርቅዬ "በሩ!" አለች።

ዓባይ ከፖሊሶቹ መሐል ተነሳ። ዘለለ ማለት ይቀላል። አንዱ ሽማግሌ ሳሩን ከፊቱ ዘረጉ፤ ቆመ። እንዲሻገረው ፈልጌ ነበር፤ እውነቴን ነው። እንዲያገኘኝ፣ እንዲቀጠቅጠኝ፣ እንዲያልቅ።

"ዓርብ ዕለት ታውቅ ነበር?" አለኝ።

"አውቅ ነበር።"

"እኔ ጠዋት ገጀራ ስስል ታውቅ ነበር? እሱ እንዳልሆነ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ታዲያ ምነው ዝም ብለህ አስቆረጥከኝ?" አለ። እንደ ሕፃን ነው ያለው። ሳሩ ፊት ወድቆ መሬቱን በሁለት እጁ መታው፣ መታው፣ ጣቶቹ እስኪደሙ። ወደ ካሱ ዞሮ የሆነ ነገር በጋሞኛ ጮኸ። ካሱ ፊቱን አዞረ።

የሚመታኝ አልመጣም። ከሁለቱም ወገን ማንም። ዱላ ጠፍቶ አይደለም። ጋሽ ይፍሩ ረጅም ጊዜ ከሌሎቹ ጋር ተማከሩና መጡ።

"ልጄ፣ ዱላ ፈልገህ ነው የመጣኸው። ዱላ ቀላል ነው፤ አንድ ቀን ያምና ይተዋል" አሉኝ። "ፖሊስ የራሱን ይጠይቅህ። የእኛ ይኼ ነው። ይኼ ልጅ እጅ የለውም። እጁ አንተ ነህ። እሱ ይናገራል፣ አንተ ትጽፋለህ። የጻፍከውን እሱ ሳያይ አትልክም። ዝናቡ አልፎ ሌላ ዝናብ እስኪመጣ።"

ካሱን "ትቀበላለህ?" አሉት። እንቢ የሚል መስሎኝ ነበር። በእሺታ ጭንቅላቱን አንዴ ነቀነቀ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 28

ቃሌን ለፖሊስ ሰጠሁ፤ የፈረምኩትን ወረቀት ሐሰት ነው ብዬ ሌላ ፈረምኩ። በዋስ ነኝ። ኢንጂነር እንድሪያስ ለስብሰባ ወደ አዲስ አበባ ሄዱ ተባለ፤ ካርታቸውን ዘግቼዋለሁ። ፕሮግራሙን "አትቆይ" እንዲችል ከመሠረቱ ጻፍኩት። ሦስት ቀን ነው ያልኩት። ሁለት ቀን ተኩል ፈጀ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ካሱ ዛሬ ሥራ ጀመረ። ብርቅዬ እስከ በሩ አድርሳው ተመለሰች፤ ለእኔ ሰላም የለም። አዳዲስ ማሽኖች ከመጋዘን መጥተዋል። እሱ ወንበሩ ላይ፣ እኔ አጠገቡ ዝቅ ብዬ በዱካ። ሬዲዮው ያወራል፣ እሱ ቁጥሩን ይለኛል፣ እጽፋለሁ፣ ያያል፣ በግራ ጣቱ የመላኪያውን ፊደል ይጫናል። ከቁጥር ሌላ አንድ ቃል አልነገረኝም። አንዴ ተሳስቼ ሦስትን ሁለት ብዬ ጻፍኩ። በጉማጁ ስክሪኑን ነካ አደረገ። ገና ቁስሉ አልጠገገም፤ መስታወቱ ላይ ትንሽ እርጥበት ቀረ። ልጠርገው ብዬ ተውኩት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደጋው እንደገና ጠቆረ። ሁለቱ ጣቢያዎች አንድ ላይ መጮህ ጀመሩ፤ በሬዲዮው ድምፃቸው እየተደራረበ። ካሱ ሁለቱንም ይሰማል፣ ይለያል፣ ይነግረኛል። የማሽን አንድን ግማሽ እንደጻፍኩ መብራቱ ብልጭ አለ። ማሽኑ ደረቀ። እጄ ያለ እኔ ትእዛዝ ተነስቶ ጨበጠ፤ ኪቦርዱ ላይ ሊወርድ። ካሱ ቡጢዬን አየው። ወደ ኋላ አላለም፤ ዝም ብሎ አየው። ጣቶቼን አንድ በአንድ ፈታሁ።

"ማሽን ሁለት" አለ። "ሦስት ከዘጠና።"

ጻፍኩ። አየ። ተጫነ። ማሽን አንድ እንደ ደረቀ ነው፤ በሩ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። መስኮቱን ከፍተን ሁለታችንም ጆሮአችንን ሰጠን።

ከታች ከሙዝ እርሻው ሳይረኑ ጮኸ። ሰዉ በቀጭኑ መንገድ እየተጣራ ወደ ከፍታው ሲወጣ በዓይናችን አየነው፤ ፍየሉን እየነዳ፣ ልጁን አዝሎ። ውኃው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ማንንም አላገኘም።

ካሱ መስኮቱን ዘጋና ተቀመጠ። ከመታሁባት ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሜ ጠራኝ።

"አለም" አለ። "ይኼንን ነበር ያልኩህ።"